የተወለወለው ሞተሪኖ

በአረፋ ዋዜማ ዕቃ ይዤ በቡታጅራ መንገድ እንድወርድ ያዘዘኝ ሰው አረፋን የማያውቅ ሰው ነው። አለቃዬ አቶ ያረጋል ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን አረፋ ለእሳቸው ቢሮ የሚዘጋበት አንድ ቀን ነው። መርካቶ ውስጥ ስንት ሱቅ እንደሚቆለፍ፣ የተቆለፈው ሱቅ ባለቤት ሁሉ ደግሞ ሚስቱን፣ ልጁን፣ ፍራሹንና ቆርቆሮውን ጭኖ በአንድ ጠባብ አስፋልት ወደ አገሩ እንደሚተም የት አይተውት!

ሚሊኒየሙን ባከበርን በዓመቱ ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል የአውሮፕላን ዕቃ ጥገና ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። እናቴ ለጎረቤት «ሃፊዛ አውሮፕላን ላይ ነው ሥራዋ» ብላ ስለተናገረች የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሆስተስ አድርጎኛል፤ ትንሽ ወፈር ስላልኩ እንዴት እንደተቀበሉኝ ብቻ ግራ ይገባቸዋል። ሆስተስ አይደለሁም። ደንበኞች የተበላሸ ዕቃ ይልኩልናል፤ እኔ ተቀብዬ ለቴክኒሻኖች እሰጣለሁ፣ እከታተላለሁ፣ እጨቀጭቃለሁ፣ ሲያልቅ መልሼ እልካለሁ። የደንበኛ አውሮፕላን መሬት ላይ ሲቀር የሚጮኸው የእኔ ስልክ ነው። ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚባል ነገር ተፈጥሮዬ ውስጥ የለም፤ ለቦታው የመረጡኝም ለዚሁ ይመስለኛል።

የዚያን ዕለት የደወለው አበራ ነበር። አበራ ቱሪስት ወደ ኦሞ የሚያመላልስ የአንድ ድርጅት መካኒክ ነው። ትንሿ አውሮፕላናቸው አርባ ምንጭ ላይ አልነሳም ብላ ቆማለች። የተበላሸው ነገር፣ መኪና ላይ ቢሆን ሞተሪኖና ዲናሞ የምንላቸው ሁለቱ በአንድ ላይ የሆኑበት ዕቃ ነው፤ ሞተሩን ያስነሳል፣ ከተነሳ በኋላ ደግሞ መብራት ያመነጫል። የዚያው ድርጅት ንብረት የሆነ ሌላ ሞተሪኖ ደግሞ እኛ ዘንድ ተጠግኖ፣ ተፈትሾ፣ በእርሳስ ማኅተም ታሽጎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ማድረስ ብቻ። ግን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ዕቃ አዘግይተንባቸዋል። አበራም የአለቆቹን ቃል እንዳለ ነገረኝ፦ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አርባ ምንጭ ካልደረሰ ሥራቸውን በሙሉ ወደ ናይሮቢ ይወስዱታል።

የማግስቱ በረራ ሞልቶ ነበር። አቶ ያረጋል ሳጥኑን አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ሃፊዛ፣ ራስሽ በመኪና ይዘሽው ሂጂ። ሌሊት አትጓዙም፤ ቡታጅራ እደሩና በጠዋት ቀጥሉ። ዕቃው ከዓይንሽ እንዳይርቅ። ልደብቅሽ አልፈልግም፣ እነዚህ ሰዎች ከሄዱ ያንቺንም ወንበር ይዘውት ነው የሚሄዱት።»

እሺ አልኩ። ምን እላለሁ?

ሾፌሩ ከድሮ ይባላል፤ ቡታጅራ አጠገብ ያለችው የእንሴኖ ልጅ ነው። ቡታጅራ ማደር የሚል ቃል ሲሰማ ፊቱ በራ፤ እኔ ግን ከአለም ገና ጀምሮ መቀመጫዬ ላይ መርፌ እንዳለበት ሰው እየተቁነጠነጥኩ ነበር። መኪናው ይሄዳል ማለት ይከብዳል፤ ይገፋል። ከፊታችን ያለው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሁለት በግ ታስረው ወደ ኋላ ዞረው ያዩኛል። ሳጥኑን እግሬ ሥር አድርጌ በሁለት ጫማዬ ይዤዋለሁ። ስልኬን አያለሁ፣ መንገዱን አያለሁ፣ ከድሮን አያለሁ።

«ሃፊ፣ ብታዪኝ መኪናው አይፈጥንም» አለኝ።

ቡታጅራ ስንገባ ጀምበር ልትጠልቅ ነበር። የተወለድኩበት ቤታችን በር ላይ ጫማ እንደ ገበያ ተደርድሯል። ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከሐዋሳ ያልመጣ ዘመድ የለም። ዋዜማው የሴቶቹ ድግስ፣ የሴት አረፋ ስለነበር እናቴና አክስቶቼ ቤቱን በጎመንና በቆጮ ሽታ ሞልተውታል፤ ስገባ እልል ብለው ተቀበሉኝ። ሳጥኑን ገና ጥግ ላይ ሳላሳርፈው አንዱ የዘመድ ልጅ ወጥቶ ቆመበት፣ ሌላዋ ሻይ ልትደፋበት ተንደረደረች። ጮህኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«እዚህ ቤት ይሄ ዕቃ አያድርም» አለ ጋሼ ሸረፋ፣ ታላቅ ወንድሜ። «ሱቄ ውስጥ ቆልፌ ላሳድርልሽ። ሁለት ቁልፍ አለው፣ ዘበኛም አለ።»

ስለ ጋሼ ትንሽ ማለት አለብኝ። አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው። መናኸሪያው ፊት ለፊት የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። ከቡታጅራ እስከ ሆሳዕና ያለ ሾፌር ሞተሪኖው እምቢ ካለው ወደ እሱ ነው የሚጎተተው። ጆሮውን አስጠግቶ ሰምቶ ምን እንደጎደለው ይነግርሃል። አንድ ነገር ብቻ አለበት፤ ዕቃ ከእጁ ሳያብለጨልጭ አይወጣም። ከአሮጌ ሎንቺና የተፈታ ዲናሞ በቤንዚን አጥቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ብርማ ቀለም ቀብቶ ሲደረድረው የሠራው ፋብሪካ ራሱ አያውቀውም። አታላይ ግን አይደለም። ሳይሠራ የቀረ ዕቃ ይዞ የመጣን ሰው አንድም ቀን ፊት ነስቶ አያውቅም።

ከዓይንሽ እንዳይርቅ የተባልኩት ትዝ አለኝ። ግን ልጆቹ፣ ሻዩ፣ የሰው ትርምስ! ከወንድሜ ሱቅ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? አብሬው ሄጄ ሳጥኑን መደርደሪያው ሥር አስቀመጥነው፤ ሁለቱንም ቁልፍ ሲቆልፍ ቆሜ አየሁ። ከድሮ ደግሞ እንሴኖ እናቱን አይቶ፣ የንጋቱ ሱብሒ ሶላት ሳይሰገድ መኪናውን ይዞ እንደሚመለስ ምሎ ሄደ።

በማግስቱ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ተነሳሁ። ከድሮ የለም። ስልኩ አይሠራም። በሩ ላይ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ወጣሁ። እናቴ ሻይ አምጥታ «ቁጭ ብለሽ ጠጪ» አለችኝ፤ ቆሜ ጠጣሁት፣ ምላሴን አቃጠለኝ። ወንዶቹ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ተክቢራ እያሉ ወደ ሜዳው ሲያልፉ እያንዳንዱን ጀለቢያ እያየሁ ከድሮን እፈልጋለሁ። ወደ ሱቁ ሄድኩ፤ ተቆልፏል። ጋሼም ሶላት ላይ ነው። ከመናኸሪያው ዳር እስከ ዳር ተመላለስኩ። ሌላ ጊዜ ባጃጅ የሚጋፋበት መንገድ ጭር ብሏል። ከሜዳው የኢማሙ ድምፅ በድምፅ ማጉያ ይመጣል፤ አላህ ይቅር ይበለኝና በዚያ ሰዓት ኹጥባው፣ ስብከቱ፣ እንዲያጥር ነበር የምጸልየው።

ኹጥባው አለቀ። ከተማው በአንድ ጊዜ ተመልሶ ሞላ። ከድሮ ከሰው መሀል መኪናውን እያንፏቀቀ መጣ፤ ጭራሽ እሱም ሰግዶ ነው የመጣው።

«ኢድ ሙባረክ ሃፊ! እናቴ አለቅም ብላኝ ነው፣ ወላሂ።»

«ኢድ ሙባረክ። አፍህን ዝጋና ሞተሩን አታጥፋ።»

ጋሼም መጣ። ብቻውን አይደለም፤ የሱቅ ጎረቤቱን ሸምሶን ይዞ ነው። ሸምሶ አንድ ነገር ከሰማ ከተማው እስኪሰማ የማይተኛ ሰው ነው። ጋሼ የሱቁን በር እንደ ሙሽራ ቤት በር ቀስ ብሎ ከፈተው። ሳጥኑ መደርደሪያው ሥር አልነበረም። ባንኮኒው ላይ፣ አዲስ ጨርቅ ተነጥፎለት ተቀምጧል።

«እይው» አለኝ።

ክዳኑን አነሳሁ። ሞተሪኖው እንደ መስታወት ያበራል። ማሰሪያ ሽቦው በሚያምር ሁኔታ ተጠምዝዟል፤ ከፋብሪካም እንዲህ ተጠምዝዞ አይወጣም። የእርሳስ ማኅተሙ ግን የለም።

«ከፍተኸዋል» አልኩት።

«እሱማ ከፍቼዋለሁ!» ሳቀ። «ከሱብሒ በፊት መጥቼ አደራ ነው፣ ልየው ብዬ ጎኑን ገለጥ ሳደርገው ውስጡ ጥቁር ነው። ወላሂ አፈርኩ። ያ ሁሉ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው እንዲህ አጨማልቆ ይሰጥሻል? የሸረፋ እህት ይዛው የሄደችው ዕቃ እንዲህ ሆኖ ይደርሳል?»

«በምን አጸዳኸው?»

«በብርጭቆ ወረቀት። በደቃቁ ነው ደግሞ፤ በሻካራው መሰለሽ?»

ሸምሶ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እጅ ነው፣ እጅ» አለ። «አውሮፕላን ሠራ እኮ ሰውዬው!»

ባንኮኒውን ያዝኩ። ያ ጥቁር ነገር ቆሻሻ አልነበረም። መብራቱን የሚያስተላልፉት ካርቦኖች የሚነኩት የሚሽከረከር መዳብ አለ። ቴክኒሻናችን ፀዳለ ዕቃውን መፈተኛው ላይ ጭና ብዙ ሰዓት እያሽከረከረች፣ መዳቡ ላይ ቡናማ ሽፋን እስኪይዝ የጠበቀችው በምክንያት ነው። ሽፋኑ ካርቦኑን ከመበላት ያድነዋል። ከፍ ብሎ አየሩ በሚሳሳበትና በሚደርቅበት ቦታ የተራቆተ መዳብ ካርቦኑን እንደ ሞረድ ይበላዋል። መሬት ላይ ሞተሩን ደህና አድርጎ ያስነሳል፤ ጣጣው ሰማይ ላይ ከወጣ በኋላ ነው፤ ካርቦኑ ካለቀ መብራቱ ይቋረጣል። ይህን ሁሉ እያቋረጥኩ፣ እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ጋሼ መጀመሪያ ፈገግ እያለ ሰማኝ፤ ቀጥሎ ፈገግታው ጠፋ።

«እኔን ስለ ሞተሪኖ ልታስተምሪኝ?»

«መኪና ላይ ማንም አያስተምርህም፣ ጋሼ። መኪና ግን ሲበላሽ ዳር ይዞ ይቆማል።»

«ካልሠራ ይመልሱታላ! እኔ መቼ ነው አልቀበልም ብዬ የማውቀው?»

«ይሄ አይመለስም። ይሄ ካልሠራ መላሹም አይመለስም።»

ሸምሶ የበሩን ጫፍ ይዞ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። ጋሼ ጨርቁን አንስቶ አጣጠፈው፤ ፈትቶ ደግሞ አጣጠፈው። በሕይወቴ ድምፄን ከፍ አድርጌበት አላውቅም ነበር። በንዴት አንጀቴ ቅጥል ብሏል፤ ደግሞ ያሳዝነኛል። ለእኔ ብሎ ነው በዓል ጠዋት እንቅልፉን አጥቶ ሲፈገፍግ የነጋበት። ሁለቱ ስሜት አንድ ላይ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አላውቅም፤ እግሬን መሬት ላይ መደብደብ ብቻ ነው የቻልኩት።

ስልኬ ጮኸ። አበራ ነው።

«የት ደረሳችሁ?»

«ቡታጅራ። አበራ፣ ስማኝ፣ ችግር አለ። ዕቃው ተከፍቷል። ማኅተሙ የለም፣ መዳቡ ተፈግፍጓል።»

ከኋላው የፈረንጆች ድምፅ ይሰማል፣ አንዲት ሴት ትስቃለች።

«ይዞራል?» አለኝ በመጨረሻ።

«መዞሩንማ ይዞራል።»

«እንግዲያው አምጪው። ሃፊዛ፣ እኔ እኮ እንግዶች ይዤ ሜዳ ላይ ነኝ። ሽቦውን አስሬ እገጥመዋለሁ፣ አዲስ አበባ ይግባ፣ እዚያ ትቀይሩታላችሁ። አንድ በረራ ነው። ማኅተሙ መንገድ ላይ ተበጠሰ እንላለን። ማን ያየዋል?»

ድምፁ ከስልኩ አልፎ ለሁሉም ይሰማ ነበር። ጋሼ ቀና አለ።

«አየሽ! ባለቤቱ ራሱ እሺ አለ! አንቺ ነሽ የምታካብጂው።»

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ባለ ዕቃው እሺ ካለ እኔ ማነኝ? ወንበሬ ይተርፋል፣ የጋሼ ፊት ይመለሳል፣ ደንበኛው ናይሮቢ አይሄድም፣ አቶ ያረጋልም ጎበዝ ይሉኛል። አንድ በረራ ነው። ሳጥኑን አነሳሁና ወጣሁ። ጋሼ በሩ ድረስ ተከትሎኝ «አላህ ይጠብቅሽ፣ ደርሰሽ ደውዪ» አለኝ፤ ያልተጣላን ይመስል። ሸምሶ ከመኪናው ቀድሞ ወደ ቤታችን መንገድ ሲሮጥ አየሁት።

ከድሮ ወደ ሆሳዕና መውጫ ነዳው። ሳጥኑን አሁን እግሬ ሥር አላደረግሁትም፤ ጭኔ ላይ ነው። መንገዱ ባዶ ነበር፤ በየግቢው ሰው በሬ ከቦ ቆሟል። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ሬዲዮኑን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ከድሮ በጎን አየኝ፤ እንደ ልማዱ አልቀለደም።

የከተማው የመጨረሻ ቤቶች ጋ ስንደርስ አበራ እንደገና ደወለ። ድምፁ ቀሎታል።

«ለእንግዶቹ ነገርኳቸው። አንዷ ፈሪ ናት፣ ተጠግኖ የመጣ ዕቃ ምን ያህል ያስተማምናል ትለኛለች። የምታመጣው ልጅ ራሷ አስፈትሻው ነው፣ እሷን አምናታለሁ አልኳት። አሁን ዳቦ እየበላች ነው። ቶሎ ነይ በቃ።»

ስልኩን ዘጋሁት።

ያችን ሴት አላውቃትም። ማን እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣች፣ ዛሬም ድረስ አላውቅም። ግን ዳቦዋን እየበላች ያለችው በእኔ ስም ነው። እኔ ሳልኖር፣ ሳልጠየቅ፣ አበራ ስሜን እንደ ማኅተም መትቶ ሰጥቷታል። መዳቡ የተራቆተ መሆኑን እዚያ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ፈራሁ። ሥራዬን ከማጣት የበለጠ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው።

«ከድሮ፣ አቁም።»

«እዚህ?»

«አቁም አልኩህ!»

ወርጄ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። የበዓል ቀን ኔትወርክ ምን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ እየደወልኩ፣ እየተቋረጠ፣ እየደወልኩ ብዙ ቆየሁ። ከድሮ ሞተሩን አጥፍቶ መሪው ላይ ተደገፈ። በመጨረሻ አቶ ያረጋል አነሱት።

«ጋሽ ያረጋል፣ ዕቃው ተበላሽቷል። ተከፍቶ መዳቡ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጓል። አበራ እንደሆነ ልግጠመው እያለ ነው። እርስዎ ይደውሉለትና እንዳይበር ይንገሩት። እኔ አላደርሰውም።»

«ማነው የከፈተው?»

ወንድሜ ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«እኔ እጅ ላይ እያለ ነው የተከፈተው» አልኩ። «ኃላፊነቱ የእኔ ነው።»

ሊጮሁብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ደውለሽ መናገርሽ ደግ አድርገሻል» አሉ ቀስ ብለው። «ደንበኛው ግን ሄደ፣ ሃፊዛ። እኔም ከዚህ በኋላ ደንበኛ ፊት ላስቀምጥሽ አልችልም። መጋዘን ውስጥ ቦታ እፈልግልሻለሁ። ዕቃውን ይዘሽ ነገ ነይ። መልካም በዓል።»

መልካም በዓል! ስልኩን ሜዳው ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

መኪናው ውስጥ ስገባ ከድሮ ምንም አልጠየቀኝም። ዞሮ ወደ ከተማ መለሰኝ።

ግቢያችን ሰው ሞልቶታል። በሬው ታስሮ መሀል ቆሟል። ገና በሩን ስገባ ሸምሶ እንዳልተኛ ገባኝ፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሶ፣ አድጎ፣ ልጅ ወልዷል። አንዱ የአጎቴ ልጅ «ጋሼ ሸረፋ የአውሮፕላን ሞተር ፈታ እኮ!» ይላል። ሌላው «በአንድ ካቻቢቴ ብቻ!» ይጨምራል። እናቴ ፊቷ እንደ ሻማ በርቷል። ጋሼ ነጭ ጀለቢያውን እጅጌ ሰብስቦ ከሽማግሌዎቹ ጎን ቆሟል። ለሚያመሰግነው ሁሉ «አልሀምዱሊላህ» እያለ ደረቱን ይነካል፤ ደስታውን ሊደብቅ እየሞከረ አልተሳካለትም።

ከዚያ እኔን አየኝ። ሳጥኑን አቅፌዋለሁ።

በዚያ ሰዓት አርባ ምንጭ መንገድ ላይ መሆን እንዳለብኝ ያውቃል። ከሳጥኑ ወደ ፊቴ፣ ከፊቴ ወደ ሳጥኑ አየ።

አጎታችን ሀጂ ሰይዶ ይህን አላዩም፤ ዓይናቸው ደክሟል። ቢላዋውን በፎጣ ጠርገው ለጋሼ ዘረጉለት። በአረፋ በዚህ ግቢ የሚያርደው የቤቱ ታላቅ ወንድ ነው።

«እንካ ልጄ» አሉ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ይሄ እጅ ዛሬ አውሮፕላን ጠግኗል። አላህ ይባርከው።»

«አሚን!» አለ ሰዉ በአንድ ድምፅ።

እኔም ልል ነበር። ከንፈሬ ተከፍቷል። ለዚያች ለማላውቃት ሴት ያልዋሸሁትን ለወንድሜ ልዋሽለት ተዘጋጅቼ ነበር። በበዓል ቀን፣ በዘመድ ፊት፣ ምን ይጎዳል? አሚን ብዬ ሳጥኑን ጓዳ እከተዋለሁ፤ ወሬውም እንደ ማንኛውም ወሬ ጊዜው ሲደርስ ይሞታል።

«አልጠገንኩም» አለ ጋሼ።

ሰዉ በትክክል የሰማ አልመሰለውም። ሀጂ ሰይዶ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«አልጠገንኩም ሀጂ። ደህና የነበረውን አበላሸሁት። ነገረችኝ፣ አልሰማኋትም። ቢበር ኖሮ ሰው ሊያልቅበት ነበር።» ሳጥኑን አየ። «ሥራዋን ነው ያሳጣኋት መሰለኝ። ሃፊዛ፣ አሳጣሁሽ?»

አዎ ማለት አቃተኝ፤ አይደለምም አላልኩም።

ሸምሶ ከሰው ኋላ ሲሸሸግ አየሁት። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ጋሼ ቢላዋውን በስለቱ በኩል ይዞ እጀታውን ወደ ሀጂ ሰይዶ መልሶ ዘረጋው።

«ሌላ ሰው ይረድ። እኔ ዛሬ እጄን አላመንኩትም።»

ማንም እጁን አልዘረጋም። ታላቅየው በሕይወት ቆሞ እያለ ቢላዋ የሚቀበል ሰው በእኛ ዘንድ አልታየም። ሽማግሌው ቢላዋውንም ጋሼንም በየተራ እያዩ ግራ ገባቸው። ከጠዋት ጀምሮ ሲያንቀጠቅጠኝ የነበረው ንዴት የት እንደገባ አላውቅም። ያየሁት ያሳደገኝን ሰው ብቻ ነው፤ በሰው ሁሉ ፊት ቢላዋ ዘርግቶ የሚቀበለው አጥቶ ቆሟል።

ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። በሰው መሀል አልፌ ቢላዋውን ከእጁ ተቀበልኩት። ሴቶቹ መሀል ጉርምርምታ ተሰማ፤ እኔ ላርድ የተነሳሁ መስሏቸው ይሆናል። እጀታውን አዙሬ መልሼ መዳፉ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፍኩለት።

«ያንን አታውቀውም ነበር፣ ጋሼ» አልኩት። «ይሄን ታውቀዋለህ።»

አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል። በሬውን አየ፣ ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ አዞሩለት። ቢስሚላህ ብሎ ጎንበስ አለ። እኔ ሳጥኑን ከመሬት አንስቼ አቀፍኩትና በሰው ሁሉ ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ።